የብሎግ ገጽታን ከመድረክ ወደ መድረክ ማሻገር

በደሴና በኮምቦልቻ በአማርኛ የሚጽፉ ሰዎች ብዙ ናቸው። መምህሩ የትምህርት ማስታወሻውን፣ ታሪክ ወዳዱ የወሎን የጥንት ነገር፣ የወሎ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የጥናቱን ፍሬ ሐሳብ፣ የመድረሳና የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆችም የተማሩትን ይጽፋሉ። አብዛኛው ጽሑፍ ፌስቡክና ቴሌግራም ላይ ይውልና ከሳምንት በኋላ ፈልጎ የሚያገኘው ሰው የለም። ከእነዚህ ጸሐፊዎች መካከል ሥራቸውን በራሳቸው ገጽ ላይ ማኖር የሚፈልጉት በመጀመሪያ ዐይናቸው የሚያርፈው በነጻ የሚገኝ፣ ቀለል ያለና ያማረ የብሎግ ገጽታ ላይ ነው። ገጽታው ግን ብዙውን ጊዜ የተሠራው እነርሱ ለሚጠቀሙበት መድረክ አይደለም። ይህ ትምህርት እንዲህ ያለውን ገጽታ መጀመሪያ ወደ ራሳችን መድረክ፣ ከዚያም ወደ ራሳችን ፊደል እንዴት እንደምናሻግረው ደረጃ በደረጃ ያስረዳል። ኮድ ጽፎ የማያውቅ ሰውም እስከ መጨረሻው ሊከተለው ይችላል፤ እዚህ የሚያስፈልገው ነገርን ከነገር መለየት ነውና። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አስቀድመን ሦስት ቃላትን እንለይ። «ይዘት» የምንለው ጸሐፊው የጻፈውን ነው፦ ርዕሱን፣ ዐረፍተ ነገሩን፣ ፎቶግራፉን፣ የተጻፈበትን ቀን። «ገጽታ» የምንለው፣ በተለምዶ ቲም የሚባለው፣ ይዘቱ ለአንባቢ የሚቀርብበትን መልክ ነው፦ የፊደሉን ዐይነትና መጠን፣ በመስመሮች መካከል ያለውን ርቀት፣ ቀለሙን፣ የርዕሱን ቦታ። «መድረክ» የምንለው ደግሞ ይዘቱን ተቀብሎ የሚያስቀምጠውንና ከገጽታው ጋር አዋሕዶ የሚነበብ ገጽ የሚያወጣውን ሥርዓት ነው። በ1999 ተጀምሮ በ2003 ጉግል የገዛው ብሎገር መድረክ ነው። በዚያው በ2003 የወጣው ዎርድፕሬስም መድረክ ነው፤ በ2008 የመጣው ጄኪል፣ በ2013 የመጡት ሁጎና ጎስትም እንዲሁ።

ይዘትና መልክ ሳይለያዩ ሲቀሩ ምን እንደሚከተል በሀገራችን የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት ውስጥ የሠራ ሰው ሁሉ ያውቃል። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ወደሚባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መዝገብ የገባው በ1999፣ በመዝገቡ ሦስተኛ እትም ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት፣ እንደ ቪዥዋል ግዕዝና ፓወር ግዕዝ ባሉት ሶፍትዌሮች ቀደምት ፎንቶች እንጽፍ ነበር። ፎንት ማለት የፊደላትን ቅርጽ የያዘ ፋይል ነው። የእነዚያ ፎንቶች አሠራር ለላቲን ፊደላት በተመደበው ቁጥር ላይ የግዕዝን ቅርጽ ማስቀመጥ ነበር። ኮምፒውተሩ የሚያስቀምጠው የላቲኑን ቁጥር፣ ሰው የሚያየው የግዕዙን ቅርጽ ነው። ያው ደብዳቤ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደልና የምልክት ክምር ይሆናል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ይዘቱ ከመልኩ ጋር ተጣብቆ ነበር፣ መልኩ ሲቀር ይዘቱም አብሮ ቀረ። ዩኒኮድ ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱን ቁጥር በመስጠት ሁለቱን ለያያቸው። ዛሬ «ሀ» በየትኛውም ፎንት ብትጻፍ «ሀ» ናት።

ከዚህ አንድ ተግባር ይከተላል። በቀድሞዎቹ ፎንቶች የተጻፈ የቆየ ጽሑፍ ያለው ሰው ስለ ገጽታ ከማሰቡ በፊት ጽሑፉን ወደ ዩኒኮድ ያስቀይር። መቀየሩን ለማረጋገጥ ጽሑፉን ቀድቶ በቴሌግራም ለራሱ ይላከው፤ ስልኩ ላይ በአማርኛ ከተነበበ ተቀይሯል። እስካሁን ያልነው ይዘት፣ ገጽታና መድረክ ሦስት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውንና ይዘቱ ከሁለቱም ነጻ ሆኖ መቆም እንዳለበት ነው። ቀጥለን ቀለል ያለ ገጽታ ለምን እንደሚመረጥ እንመልከት።

ቀለል ያለ ገጽታ ማለት ለንባብ የማያገለግለውን ሁሉ የቀነሰ ገጽታ ነው። ቀላል መሆንና ባዶ መሆን አንድ አይደሉም። ርዕስ ከአንቀጽ፣ ጥቅስ ከጸሐፊው ቃል፣ አዲሱ ጽሑፍ ከቀደመው ተለይተው እስኪታወቁ ድረስ ምልክት ያስፈልጋል። ቀላል ገጽታ ይህን የመለየት ሥራ በጥቂት ምልክት ይሠራል፤ ባዶ ገጽታ ግን አይሠራውም። ይህን ልዩነት ያዙት፤ ወደ ፊደላችን ስንደርስ እንመለስበታለን።

የቀላልነት ጥቅም በእኛ አካባቢ የውበት ጉዳይ ብቻ አይደለም። አብዛኛው አንባቢ የሚያነበው በስልክ፣ በገዛው የኢንተርኔት ጥቅል ነው። በ2021 መጨረሻ የሰሜኑ ጦርነት ደሴና ኮምቦልቻ በገባ ጊዜ የከተሞቹ ነዋሪ ከመብራትም ከስልክም ተለይቶ ሰንብቷል። ከነሐሴ 2023 ጀምሮም በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ወራት ተቋርጦ ነበር። ከዚያ ቀደም ብሎ፣ ከ2006 አንሥቶ፣ የብሎገር የሆኑት የብሎግስፖት አድራሻዎች ኢትዮጵያ ውስጥ እንዳይከፈቱ ተደርገው ነበር፤ በ2018 ብዙ የታገዱ ገጾች ሲለቀቁ ነው ነገሩ የተለወጠው። ጽሑፉን በአንድ መድረክ ላይ ብቻ ያኖረ ሰው መድረኩ በተዘጋበት ቀን ምን ሊያደርግ እንደሚችል አስቡ። ገጽታን ማሻገር መቻል ከዚህ ዐይነቱ ጥገኝነት የሚያወጣ እውቀት ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ዐይነት መድረኮችን መለየት ይገባል። የመጀመሪያው አንባቢ በመጣ ቁጥር ገጹን እንደገና የሚሠራ ነው፤ ይዘቱ በመረጃ ቋት ውስጥ ይቀመጥና ሰርቨር የሚባለው ኮምፒውተር ከዚያ እያወጣ ያቀርበዋል። ዎርድፕሬስ፣ ጎስትና ብሎገር ከዚህ ወገን ናቸው። ሁለተኛው ገጾቹን ሁሉ አንድ ጊዜ ሠርቶ በተራ ፋይል የሚያወጣ ነው፤ ጄኪልና ሁጎ ከዚህ ይመደባሉ። እነዚህ በጸሐፊው ኮምፒውተር ላይ የሚሠሩ ናቸው። ኢንተርኔት በሌለበት ሳምንት መጻፍና ገጹን ማዘጋጀት ይቻላል፤ መሥመሩ ሲመጣ የተዘጋጀውን መጫን ነው። የውስጥ ማገናኛዎቹ በትክክል ከተጻፉም ብሎጉ በሙሉ በፍላሽ ተገልብጦ በሌላ ሰው ኮምፒውተር ላይ ይነበባል። ለደሴ ዙሪያ ጸሐፊ ይህን ሁለተኛውን ዐይነት እመርጣለሁ።

ወደ ሥራው ለመግባት አንድ በር ቀርቷል፤ እርሱም ፈቃድ ነው። «ፈቃድ» የምንለው የገጽታው ሠሪ ሌላው ሰው በሥራው ምን ማድረግ እንደሚችል የጻፈው ቃል ነው። ገንዘብ ሳይከፈልበት የሚወርድ ገጽታ ሁሉ እንዲለወጥ የተፈቀደ አይደለም። ኤምአይቲ የሚባለው ፈቃድ መለወጥንም ማሰራጨትንም ይፈቅዳል፤ የሚጠይቀው የባለመብቱ ማስታወቂያና የፈቃዱ ጽሑፍ ከሥራው ጋር እንዲቆይ ነው። ዎርድፕሬስ የሚከተለው ጂፒኤል ደግሞ ለውጡን ይፈቅዳል፣ ነገር ግን የተለወጠውን ለሌሎች ስታሰራጩ በዚያው ፈቃድ፣ ኮዱን ሳትደብቁ እንድትሰጡ ያስገድዳል። ክሪኤቲቭ ኮመንስ ከሚባሉት ፈቃዶች አንዳንዶቹ የተለወጠውን ማሰራጨት ይከለክላሉ፤ ሌሎቹ ንግድን ይከለክላሉ። ፈቃዱ ምንም ያልተጻፈበት ገጽታ ሲያጋጥማችሁ እንዳልተፈቀደ ቁጠሩት፤ ሠሪውን መጠየቅ ይቻላል። ምንጩ ካልታወቀ ገጽ የሚወርዱ ነጻ ገጽታዎች ውስጥ የተደበቀ ኮድ ሊኖር ስለሚችል፣ ሠሪው ራሱ ካስቀመጠበት ቦታ ማውረድ ይሻላል።

ፈቃዱን አረጋገጥን እንበል። አሁን ገጽታውን ከፍተን እንይ። በውስጡ ሦስት ነገሮች ተደባልቀው ይገኛሉ። አንደኛው አጽም ነው፤ ኤችቲኤምኤል በሚባለው ቋንቋ ይጻፋል፣ ይህ ርዕስ ነው፣ ይህ አንቀጽ ነው፣ ይህ ግርጌ ነው እያለ ክፍሎቹን ይሰይማል። ሁለተኛው ማስጌጫ ነው፤ ሲኤስኤስ በሚባለው ቋንቋ ይጻፋል፣ ርዕሱ ይህን ያህል ይተልቅ፣ ቀለሙ ይህ ይሁን ይላል። ሦስተኛው ጥሪ ነው። «ጥሪ» ስል መድረኩ ይዘቱን አምጥቶ እንዲያስገባ የሚነግረውን ትእዛዝ ማለቴ ነው፦ እዚህ ቦታ የጽሑፉን ርዕስ አምጣ፣ እዚህ የጽሑፉን አካል አምጣ፣ ያሉትን ጽሑፎች አንድ በአንድ ዘርዝር።

አጽሙና ማስጌጫው የብራውዘር ቋንቋዎች ናቸው። ብራውዘር፣ ማለትም ገጾችን የምንከፍትበት መተግበሪያ፣ የትኛውም መድረክ ያወጣውን ገጽ የሚያነብበው በእነዚሁ ስለሆነ ከሞላ ጎደል እንዳሉ ይሻገራሉ። ጥሪው ግን የመድረኩ ቋንቋ ነው። ብሎገር ገጽታውን በሙሉ በአንድ ረጅም ፋይል ውስጥ፣ በራሱ ምልክቶች ይጽፋል። ዎርድፕሬስ በብዙ ፋይሎች ይከፋፍልና ጥሪውን ፒኤችፒ በሚባለው ቋንቋ ያደርጋል። ጄኪል ሊኩዊድ የሚባለውን፣ ሁጎ ደግሞ የጎ ቋንቋን የቴምፕሌት ሥርዓት ይጠቀማሉ። ስለዚህ ማሻገር ስንል በዋናነት የምናደርገው አጽሙንና ማስጌጫውን ጠብቀን ጥሪዎቹን በአዲሱ መድረክ ቋንቋ እንደገና መጻፍ ነው።

ጥሪዎችን ስትተረጉሙ በመመሳሰል አትዘናጉ። ጄኪልም ሁጎም ጥሪያቸውን በድርብ ጥምዝ ቅንፍ ውስጥ ስለሚጽፉ ለጀማሪ አንድ ይመስሉታል። በሁጎ ግን ከስሙ በፊት የምትቆመዋ ነጥብ ራሷ ትርጉም አላት፤ «አሁን በእጅ ያለው ነገር» ማለት ናት። በአንድ ገጽ ላይ ሳለን ነጥቧ ገጹን ታመለክታለች፤ ጽሑፎችን ወደሚዘረዝረው ዙር ውስጥ ስንገባ ያችው ነጥብ በየተራ እያንዳንዱን ጽሑፍ ታመለክታለች። ከዙሩ ውስጥ ሆኖ የዝርዝሩን ገጽ ርዕስ የሚጠራ ሰው በምትኩ የእያንዳንዱን ጽሑፍ ርዕስ የሚያገኘው በዚህ ምክንያት ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፤ የዶላር ምልክት ከነጥቧ በፊት ሲጨመር ጥሪው ከዙሩ በፊት ወደነበረው ገጽ ይመለሳል።

አሁን ወደ ትምህርቱ እምብርት ደረስን። ጥሪ ሁሉ ቃል በቃል አይተረጎምም፤ አንዱ መድረክ ያለው ነገር በሌላው ላይ ላይኖር ይችላል። ያን ጊዜ የሚያስፈልገን «ተግባር»ንና «አሠራር»ን መለየት ነው። ተግባር አንድ ክፍል ለአንባቢው የሚሰጠው አገልግሎት ነው፤ አሠራር ያ አገልግሎት የሚፈጸምበት መንገድ ነው። እውነተኛ ምሳሌ እንውሰድ። ማርክ ኦቶ የተባለው ባለሙያ ለጄኪል «ሃይድ» የሚባል ቀላል ገጽታ ሠራ፤ በግራ በኩል ጠቆር ያለ ዐምድ፣ በቀኝ ጽሑፉ። የሁጎ መሥራች ስቲቭ ፍራንሲያ ይህንኑ ገጽታ ወደ ሁጎ አሻገረው። በግራው ዐምድ ላይ እንደ «ስለ እኔ» ያሉ ቋሚ ገጾች ዝርዝር አለ። የጄኪሉ ሃይድ ይህን ዝርዝር የሚያወጣው በብሎጉ ያሉትን ገጾች ሁሉ እየዞረ፣ «ገጽ» የሚል ቅርጽ የተሰጣቸውን በመምረጥ ነው። የሁጎው ሃይድ ግን እንዲህ አይዞርም፤ ሁጎ ራሱ ባለው የማውጫ ሥርዓት ውስጥ የተመዘገቡትን ያወጣል። አሠራሩ ሌላ ነው፤ ተግባሩ ግን አልተነካም፦ አንባቢው ቋሚ ገጾቹን በግራ በኩል ያገኛል።

ወሎ የቅኝት ሀገር ስለሆነ ነገሩን በዜማ ማስረዳት ይቀላል። አንድ ዘፈን በባቲ ቅኝት በማሲንቆ ይጫወቱታል እንበል። ማሲንቆ አንድ ክር ብቻ አለው፣ በደጋን ይገዘገዛል። ክራር ደግሞ አምስት ወይም ስድስት ክር አለው፣ በጣት ይደረደራል። ዘፈኑን ወደ ክራር የሚያሻግር ተጫዋች የደጋኑን እንቅስቃሴ ሊቀዳ አይሞክርም፤ የሚይዘው ቅኝቱን ነው፣ ለቅኝቱም በክራሩ ላይ የሚስማማውን የጣት መንገድ ይፈልጋል። ገጽታ የሚያሻግር ሰውም መጠየቅ ያለበት «ይህ መስመር በአዲሱ መድረክ እንዴት ይጻፋል?» ብሎ ሳይሆን «ይህ መስመር ለአንባቢው ምን ያደርግለት ነበር?» ብሎ ነው።

ይህ መንገድ ለአካባቢያችን ሊቃውንት እንግዳ አይደለም። እንደ ሼኽ ጦልሃ ጃዕፈር ያሉ የወሎ ዑለማ የአማርኛ መንዙማቸውን በዐረብኛ ፊደል ጽፈዋል፤ ይህ አጻጻፍ አጀሚ ይባላል። የዐረብኛው ፊደል እንደ «ጨ» እና «ጰ» ላሉት የአማርኛ ድምፆች የተዘጋጀ አይደለም። አጀሚ ጸሐፊዎች ስለዚህ አማርኛውን አልተዉትም፤ ካሉት ፊደላት በነጥብ እየለዩ ወይም በቅርቡ እየተኩ ድምፁን አኖሩ። የጠበቁት ተግባሩን፣ የለወጡት አሠራሩን ነው።

እስካሁን ያየነውን አንድ ላይ እናድርገው። ገጽታ አጽም፣ ማስጌጫና ጥሪ አለው፤ ሁለቱ ይሻገራሉ፣ ሦስተኛው እንደገና ይጻፋል፤ በሚጻፍበት ጊዜም የሚጠበቀው ተግባሩ ነው። ለእንግሊዝኛ ጸሐፊ ሥራው እዚህ ላይ ሊያልቅ ይችላል። ለእኛ ግን ገጽታው ከመድረክ ወደ መድረክ ብቻ ሳይሆን ከላቲን ወደ ግዕዝ ፊደልም እየተሻገረ ነው፤ ሰፋ ያለ ትኩረት የሚፈልገውም ይህ ነው። አጽምና ማስጌጫ «ከሞላ ጎደል» ይሻገራሉ ያልሁትም ይህን በማሰብ ነው።

ቀደም ብለን ቀላል ገጽታ የመለየት ሥራውን በጥቂት ምልክት እንደሚሠራ ተናግረናል። እነዚያ ጥቂት ምልክቶች የትኞቹ ናቸው? በአብዛኛው የላቲን ፊደል ጸጋዎች ናቸው። ሠሪው ርዕሱን ሁሉ በትላልቅ ፊደላት እንዲወጣ ያዝዛል፤ ግዕዝ ግን ትልቅና ትንሽ የሚባል ልዩነት የለውም፣ ትእዛዙም ምንም አያደርግም። ጥቅሱን ወይም የመጽሐፉን ስም ዘመም ባለ ፊደል ይለያል፤ ግዕዝ ዘመም ያለ የራሱ ቅርጽ ስለሌለው ብራውዘሩ ቀጥ ያለውን ፊደል ገፍቶ ያጋድለዋል፣ ውጤቱም ለንባብ አይመችም። ቀኑን አነስ ባለና በፈዘዘ ግራጫ ያስቀምጣል፤ በላቲኑ ይነበባል፣ በእኛ ፊደል ግን አናባቢው የሚታወቀው በትንሽ ቅጥያ ነው። «ሱ» ከ«ሲ» የምትለየው ቅጥያዋ በእግሯ ወገብ ላይ ወይም በእግሯ ጫፍ ላይ በመሆኗ ብቻ ነው። ፊደሉ ሲያንስና ሲፈዝ ያ ቅጥያ ከዐይን ይጠፋል፤ አንባቢውም ከዐውዱ እየገመተ ያነብባል።

ውጤቱን አስተውሉት። በእንግሊዝኛ ቀላል የነበረው ገጽታ፣ አንድም መስመር ሳይነካ፣ በአማርኛ ባዶ ሆነ። ርዕሱ ከአንቀጹ አልተለየም፤ ጥቅሱ ተጋድሟል፤ ቀኑ አይነበብም። ብዙ ሰው እዚህ ደርሶ የአማርኛ ፊደል ለኮምፒውተር አያምርም ይላል። ትክክል አይደለም፤ ገጽታው የተማመነባቸው ምልክቶች በእኛ ፊደል ውስጥ ስለሌሉ ነው። የሚያስፈልገው ያንኑ ተግባር የሚሠራ የእኛን ምልክት መተካት ነው።

የእኛ ምልክቶች ደግሞ አሉን። ከደሴ በስተሰሜን ባለው በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም፣ እንደ ሌሎቹም ጥንታውያን ገዳማት፣ ጸሐፍት ብራና ሲጽፉ ሁለት ቀለም ይዘው ይቀመጡ ነበር። ሐተታው በጥቁር ይጻፋል፤ የክፍሉ መጀመሪያና የከበሩ ስሞች በቀይ። ትልቅ ፊደል የለንም፤ የትልቅ ፊደልን ሥራ የሚሠራ ቀይ ቀለም ግን ለዘመናት ነበረን። ስለዚህ በገጽታው ውስጥ ርዕስ በትላልቅ ፊደላት እንዲወጣ የሚያዘው መስመር ሲገኝ ይሰረዝ፤ በምትኩ ርዕሱ በመጠን ይተልቅ፣ ይወፍር ወይም ጠለቅ ያለ ቀይ ይሰጠው። አጋድሞ የሚጽፈው መስመር ወደ ቀጥ ያለ ይመለስና ጥቅሱ በ«» ወይም በጎኑ በሚሰመር ቀጭን መስመር ይለይ። ግራጫው ይጥቆር። ፊደላቱን አራርቆ የሚያስቀምጥ ትእዛዝ ካለም ይነሣ፤ ግዕዝ ሲራራቅ ቃሉ ይበታተናል።

ቀጥሎ የመስመር ርቀት ነው። የግዕዝ ፊደላት በአብዛኛው ቁመታቸው ሙሉ ነው። በላቲን ግን ብዙዎቹ ትናንሽ ፊደላት አጫጭር ስለሆኑ በመስመሮቹ መካከል በራሱ የሚተርፍ ነጭ ቦታ አለ። ስለዚህ የመስመሩ ርቀት የፊደሉ መጠን አንድ ነጥብ አራት ወይም አንድ ነጥብ አምስት እጥፍ የሆነበት ገጽታ በአማርኛ የታጨቀ ይመስላል። ከአንድ ነጥብ ሰባት ጀምራችሁ ዐይናችሁ እስኪያርፍ ድረስ ሞክሩ። ጽሑፉን በሁለቱም ጠርዝ እኩል የሚያደርገውን ትእዛዝም ተዉት፤ የአማርኛ ቃላት ረጃጅም ስለሆኑ በስልክ ላይ በቃላት መካከል ሰፋፊ ክፍተት ይፈጥራል።

የፎንት ምርጫም የተግባር ጥያቄ ነው። ገጽታው ይዞት የመጣው የሚያምር ፎንት ብዙውን ጊዜ ግዕዝ የለበትም። ያን ጊዜ ስልኩ በራሱ የግዕዝ ፎንት ይተካል፤ አንባቢው ግን ለማይጠቀምበት የላቲን ፎንት ጥቅሉን ከፍሏል። ስለዚህ የማይሠራውን አስወግዱ። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ በነጻ ፈቃድ ይገኛል፤ አቢሲኒካ ኤስአይኤልም እንዲሁ፣ የብራና ጽሕፈትን ለዛ ለሚወድ ይስማማዋል። ሆኖም የግዕዝ ፊደላት ከ300 በላይ ስለሆኑ ፎንቱ ለስልክ ጥቅል ይከብዳል። ብዙ አንባቢ በስልክ የሚያነብበው ገጽ ከሆነ የስልኩን የራሱን ፎንት መጠቀም የሚሻል ይመስለኛል፤ ምንም የሚወርድ ነገር የለምና።

ከዐይን የተሰወሩ ሁለት ነገሮችም አሉ። አጽሙ ብዙውን ጊዜ ገና ሲጀምር የገጹ ቋንቋ እንግሊዝኛ ነው ብሎ ይናገራል፤ ወደ አማርኛ ካልተለወጠ ለዐይነ ስውራን የሚያነብበው ሶፍትዌር ጽሑፉን እንደ እንግሊዝኛ ሊወስደው ይችላል። ሁለተኛው ቅንጭብ ነው። ዎርድፕሬስ ከጽሑፉ መጀመሪያ 55 ቃላት ቆርጦ ለመግቢያው ገጽ ያወጣል፤ ቃል የሚቆጥረው በባዶ ቦታ ነው። በጥንቱ ልማድ ቃላቱን በሁለት ነጥብ ብቻ የሚለይ ጸሐፊ ካለ ሙሉ አንቀጹ እንደ አንድ ቃል ይቆጠርና ቅንጭቡ ይበላሻል። ሁለት ነጥቡን የሚወድ ሰው ከኋላው ባዶ ቦታ ይጨምርበት፤ ሁለቱም ይጠበቃሉ።

የጽሑፉ አድራሻ ደግሞ ለብቻው ሊታይ የሚገባው ነው፤ በመሻገር ጊዜ ብዙ የሚጠፋው በእርሱ ነውና። አድራሻ የምንለው አንባቢ አንድን ጽሑፍ የሚከፍትበትን ሊንክ ነው። ብሎገር አድራሻውን ከርዕሱ ሲሠራ የላቲን ፊደል ብቻ ስለሚቀበል፣ በአማርኛ ብቻ የተጻፈ ርዕስ ያለው ጽሑፍ «ብሎግ ፖስት» የሚል ተራ ስምና ቁጥር ይደርሰዋል። ዎርድፕሬስ ግዕዙን ይቀበላል፤ ነገር ግን እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል በአድራሻ ውስጥ ሲገባ ዘጠኝ ምልክት ይሆናል። «ደሴ» የምትለው ባለ ሁለት ፊደል ቃል 18 ምልክት ትሆናለች። የዎርድፕሬስ የአድራሻ ወሰን 200 ምልክት ስለሆነ ከ22 ፊደል በላይ የሆነ ርዕስ ተቆርጦ ይቀራል፤ ሊንኩ በቴሌግራም ሲላክም የመቶኛ ምልክትና ቁጥር ሰልፍ ሊሆን ይችላል። ለእያንዳንዱ ጽሑፍ አጭር የላቲን አድራሻ በእጅ መስጠት ነገሩን ያቀልላል። ብሎጋችሁ በራሳችሁ በገዛችሁት ስም (ዶሜይን) ላይ ሆኖ ከብሎገር የምትወጡ ከሆነ የቀድሞዎቹን አድራሻዎች ዝርዝር አስቀምጡና በአዲሱ መድረክ ላይ እያንዳንዱን ወደ አዲሱ እንዲመራ አድርጉ። ካልሆነ ሰዎች ያጋሩት ሊንክ ሁሉ ይሞታል።

ቀኑን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ማውጣትም ይቻላል። የዛሬዎቹ ብራውዘሮች የእኛን የቀን አቆጣጠር ከነዐሥራ ሦስቱ ወሮቹ ያውቃሉ፤ ጃቫስክሪፕት በሚባለው የብራውዘር ቋንቋ የተጻፈ አጭር ትእዛዝ ይበቃል። ያን የማይፈልግ ሰው ቀኑን እንደ ይዘት ቆጥሮ በእጁ ይጻፈው።

ሥራው ሲጠናቀቅ ፈተናውን በላቲን ሙሌት ጽሑፍ አታድርጉት። የራሳችሁን ረጅም የአማርኛ ጽሑፍ አስገቡ፤ ረጅም ርዕስ፣ ጥቅስ፣ ዝርዝር፣ ፎቶግራፍ ይኑርበት። ከዚያ አዲስ ባልሆነ ስልክ፣ በቀን ብርሃን፣ መነጽር ለሚያደርግ አንድ አዋቂ ሰው ሰጥታችሁ ያንብብላችሁ። የሚቆምበትን ቦታ ተመልከቱ፤ መስተካከል ያለበት እርሱ ነው።

በወሎ ዩኒቨርሲቲ የኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩትም ሆነ በደሴ ግቢ የምትማሩ፣ በትምህርት ቤት የአይሲቲ መምህር የሆናችሁ፣ ወይም በራሳችሁ ጥረት የምትሠሩ ሁሉ አንድ ነገር አደራ እላችኋለሁ። በደንብ ያሻገራችሁትን ገጽታ ለራሳችሁ ብሎግ ብቻ አታስቀሩት። የመጀመሪያውን ሠሪ ስምና ፈቃዱን ከላይ እንዳለ ትታችሁ፣ ምን እንደለወጣችሁና ለምን እንደለወጣችሁ በአማርኛ ጽፋችሁ፣ ማንም ሊያወርደው በሚችልበት ቦታ አስቀምጡት። ከእናንተ በኋላ የሚመጣው ጸሐፊ ሥራውን ለግዕዝ ከተዘጋጀ ገጽታ ይጀምር።